ስድሳ ስም ጽፌ ማታ አንዱም አይታወሰኝም፦ በመስክ ጉዞ ዕፅዋትን መለየት እንዴት ይለመዳል?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። የዕፅዋት ትምህርት የመስክ ጉዞ ጀምረናል። መምህራችን እየተጓዝን በቀን ከ50 እስከ 60 የሚሆኑ ተክሎችን ስም ይነግሩናል። እኔም እየሮጥኩ እጽፋለሁ፣ በስልኬም ፎቶ አነሳለሁ። ማታ ስገልጠው ግን ሁሉም ያው አረንጓዴ ቅጠል ነው። መለያ ቁልፉን፣ ማለትም በጥያቄ እያስመረጠ ወደ ተክሉ ስም የሚመራውን ዝርዝር፣ ስሞክር ሦስተኛው ጥያቄ ላይ መንገዱ ይጠፋብኛል። ፈተናው ደግሞ ስም ያልተለጠፈበት ቅርንጫፍ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ነው። ከየት ልጀምር? ወንድማችሁ።

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ የማስታወስ ችግር ያለብህ አይመስለኝም። «ስም ይነግሩናል» ያልከው ነው ነገሩን የሚገልጠው። ስሙ ቀድሞ የተነገረው ሰው ተክሉን አያየውም፤ ጆሮው ይሰማል፣ እጁ ይጽፋል፣ ዓይኑ ግን ሥራ ይፈታል። ማታ ደብተሩን ሲገልጥ የሚያገኘው ስም ብቻ ነው፤ ስሙን የሚያስርበት ምልክት የለውም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው። መጀመሪያ ተክሉን በራስህ ቃል ግለጸው፣ ቀጥሎ ቤተሰቡን፣ ማለትም ከዘመዶቹ ጋር የሚመደብበትን ወገን፣ ገምት፣ ስሙን መጨረሻ ላይ ጠይቅ። ግምትህ ቢሳሳት እንኳ ስህተቱ ራሱ ይታወስሃል።

ይህ በቀን ለ60 ተክል አይሆንም። አንድን ተክል ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ ለማየት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል። በአንድ ጉዞ ከ10 እስከ 12 አዲስ ተክል አጥብቆ የያዘ ተማሪ ደህና አድርጎ ሠርቷል። በመንገዱ ላይ ደጋግመው የሚመጡትንና ከተለያየ ቤተሰብ የሆኑትን ምረጥ፤ የቀሩትን ስማቸውን ጽፈህ እለፍ። ፈተናው ሁሉንም የሚይዝ ከሆነ አራት ሆናችሁ ተከፋፈሉት፦ እያንዳንዳችሁ 15፣ 15 ተክል በጥልቀት ያዙና ማታ ተራ በተራ ተማማሩ። አስተማሪ ሆኖ ያስረዳው ሰው ከሁሉ በላይ ይይዘዋል።

ቅርንጫፉን ከአንጓው ጀምረህ አንብበው

ጀማሪ ቀድሞ የሚያየው የቅጠሉን ቅርጽና መጠን ነው። ከሁሉም በላይ የሚያሳስተውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ቅርጽና መጠን በጥላ፣ በውሃና በዕድሜ ይለዋወጣል። ነጭ ባህር ዛፍን፣ ዩካሊፕተስ ግሎቡለስን፣ ውሰድ። ከተቆረጠ ጉቶ ላይ የሚያቆጠቁጠው ቅጠል ሰፊ፣ አመድማ፣ እጀታ የሌለው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት የተቀመጠ ነው። የትልቁ ዛፍ ቅጠል ግን ረጅም፣ እንደ ማጭድ የቆለመመ፣ እጀታ ያለው፣ አንድ በአንድ የተፈራረቀ ነው። ሁለቱን ቅርንጫፎች ጎን ለጎን ያየ ጀማሪ ሁለት ዝርያ ናቸው ብሎ ይምላል። ሁለቱንም በጣትህ ጨፍልቀህ ብታሸታቸው ሽታቸው አንድ ነው፤ ወደ ብርሃን አንስተህ በሌንስ ብታያቸው ሁለቱም ላይ የመርፌ ቀዳዳ የመሰሉ ብርሃን አሳላፊ የዘይት ነጥቦች አሉ።

እንግዲህ ቅርጹን ተወውና ወደ አንጓው ሂድ። አንጓ ማለት ቅጠሉ ከግንዱ የሚወጣበት ቦታ ነው። በመጀመሪያ ከአንድ አንጓ ስንት ቅጠል እንደሚወጣ ቁጠር። አንድ ከሆነ ተፈራራቂ፣ ሁለት ፊት ለፊት ከሆነ ትይዩ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያ ገብ ነው። የቅርንጫፉ ጫፍ ላይ አንጓዎች ተጠጋግተው ተፈራራቂው ትይዩ መስሎ ስለሚታይ ሁልጊዜ መሃሉን እይ፣ ቢያንስ ሦስት አንጓ ቁጠር።

ቀጥሎ ጎንቁሉን፣ አዲስ ቅርንጫፍ ወይም አበባ የሚሆነውን እምቡጥ፣ ፈልግ። ጎንቁል የሚቀመጠው በሙሉ ቅጠል ብብት፣ ማለትም የቅጠሉ እጀታ ከግንዱ ጋር በሚሠራው ማዕዘን ውስጥ ነው። በንዑስ ቅጠል፣ ማለትም የአንድ ትልቅ ቅጠል ክፍል በሆነች ትንሽ ቅጠል፣ ብብት ውስጥ ግን ጎንቁል የለም። የኮሶን ቅጠል ያየ ተማሪ ብዙውን ጊዜ አንዷን ንዑስ ቅጠል በጥሶ «ቅጠሉ ረጅም፣ ጠርዙ ጥርሳም» ብሎ ይጽፋል። እሱ የያዘው ግን የቅጠሉን ቁራጭ ነው። ሙሉው ቅጠል ብዙ ንዑስ ቅጠሎች በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተሰደሩበት ድርብ ቅጠል ነው። ነጠላና ድርብ ቅጠልን መለየት ያልቻለ ሰው መለያ ቁልፍ ላይ መጥፋቱ አይቀርም። አንተም ሦስተኛው ጥያቄ ላይ የጠፋህ በዚህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

ሦስተኛው ስቲፑል ነው፤ በቅጠሉ እጀታ ግርጌ የሚገኝ ትንሽ ቅጠል መሰል፣ አንዳንዴም እሾህ ወይም ሽፋን የሆነ ነገር። ቡና ላይ ብታየው አይረሳህም። ሁለቱ ትይዩ ቅጠሎች ከግንዱ በሚወጡበት ቦታ፣ በሁለቱ እጀታዎች መካከል፣ ጥፍርህን ግንዱ ላይ አንሸራት፤ ሹል ሦስት ማዕዘን ጥርስ ይነካሃል። ትይዩ ቅጠል፣ ጠርዙ ያልተተለተለ፣ በእጀታዎቹ መካከል ስቲፑል ካለው፣ አበባ ባይኖረውም የቡና ቤተሰብ፣ ሩቢያሴ፣ ብለህ ለመጻፍ አትፍራ። ሾላና ዋርካ ላይ ደግሞ ስቲፑሉ ጫፉን እንደ ቆብ ሸፍኖ ይቆይና ሲረግፍ ግንዱን የሚዞር ቀለበት ጠባሳ ይተዋል። ስቲፑል በአብዛኛው ቶሎ ይረግፋል። ስለዚህ «የለውም» ብለህ ከመጻፍህ በፊት አዲስ የበቀለውን ጫፍ እይ፣ በአሮጌው ላይ ደግሞ ጠባሳውን ፈልግ።

አራተኛው ሲበጠስ የሚፈሰው ነው። እጀታውን ቆርጠህ 10 ሴኮንድ ጠብቅ። ነጭ ወተትና የቀለበት ጠባሳ አንድ ላይ ከሆኑ የሾላና የዋርካ ወገን፣ ፊከስ፣ ነው። ወተት፣ ትይዩ ቅጠልና እሾህ ከሆነ አጋምንና ቤተሰቡን፣ አፖሳይናሴን፣ አስብ። በደረቅ ወቅት ከአሮጌ ቅርንጫፍ ወተት ላይወጣ ይችላል፤ ለጋውን ሞክር።

የመጨረሻው ጸጉርና ዕጢ ነው፤ ሌንስ የሚፈልገውም ይሄ ነው። የብሳና ቅጠል እጀታ ከቅጠሉ ገላ ጋር የሚገናኝበት ላይ፣ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ኪንታሮት የመሰሉ ዕጢዎች ተቀምጠዋል። ቅጠሉን ገልብጠህ በሌንስ ብታየው ጸጉሩ የኮከብ ቅርጽ አለው። ከአረንጓዴዎቹ መሃል ደግሞ ሊረግፉ የተቃረቡ ብርቱካናማ ቅጠሎች ጣል ጣል ብለው ይታያሉ። የወይራን ቅጠል ስትገለብጠው ጀርባው ወርቃማ ቡናማ ነው። እነዚህ ከሩቅ የማይታዩ፣ ቀርበህ ካየሃቸው ግን የማይረሱ ናቸው።

ስለ ማሽተትና ስለ መቅመስ አጥብቄ ልናገር። ቅጠልን በትንሹ ጨፍልቆ ማሽተት ጥሩ መለያ ነው። መቅመስ ግን የተማሪ ሥራ አይደለም፤ እንደ አስተናግር ያሉ ተክሎች በጥቂቱም ይጎዳሉ። የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ የነካ እጅህን ሳትታጠብ ፊትህን አትንካ፣ ከገባም በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግመህ አጥበህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። የጤና አዳም ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ውሃ ሊቋጥር ይችላል።

ግራርን በእሾሁ

ግራር ከሁሉም ተማሪ ጋር የሚጣላ ዛፍ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አሮጌ መጻሕፍት ሁሉንም አካሺያ ይሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በቪየና የተደረገው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጉባኤ አካሺያ የሚለው ስም ለአውስትራሊያው ወገን እንዲቀር ወሰነ፤ በ2011 የሜልበርኑ ጉባኤም አጸናው። በዚህ የተነሳ የአፍሪካዎቹ እሾሃማ ግራሮች በአብዛኛው ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ ተብለው ተከፍለዋል። በሁለት መጽሐፍ ሁለት ስም ብታገኝ ዛፉ አንድ ነው፤ ደብተርህ ላይ ሁለቱንም ጻፍ።

ይህ ክፍፍል ዛፉ ሥር ቆሞም ይታያል። የቫቼሊያ እሾህ ስቲፑል ተለውጦ የሆነ ነው፤ ስለዚህ አንጓው ላይ ጥንድ ሆኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አበባውም በአብዛኛው ድቡልቡል ነው። የሴኔጋሊያ እሾህ ከቅርፊቱ ቆዳ የሚወጣ እንደ ድመት ጥፍር የቆለመመ ሲሆን፣ አበባው በአብዛኛው እንደ ዘንግ የረዘመ ዛላ ነው። ሴኔጋሊያ ሴኔጋል አንጓው ላይ ሦስት ጥፍር አለው፤ ሁለቱ የጎን ጥፍሮች ወደ ላይ፣ መሃለኛው ወደ ታች ይቆለምማል።

አሁን የሚያስቸግሩት ሁለቱ። ቫቼሊያ ቶርቲሊስ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ረጅም ቀጥ ያለና አጭር ቆልማማ እሾህ ይዞ ይገኛል። ቆልማማውን ብቻ ያየ ተማሪ ሴኔጋሊያ ይለዋል፤ እንደ ምንጭ የተጠቀለለው ፍሬው ግን ያጋልጠዋል። ግርብ፣ ፌይደርቢያ አልቢዳ፣ ደግሞ እሾሁ ቀጥ ያለ ጥንድ ሆኖ ሳለ አበባው ዛላ ነው። የቅጠሉ ዋና እጀታ ላይ ሌሎቹ ግራሮች በአብዛኛው የሚይዙት ዕጢ የለውም፤ በዝናብ ወቅት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ይለመልማል። በአንድ ምልክት መፍረድ እንደማይቻል የሚያሳዩ ከነዚህ የተሻሉ ዛፎች አይገኙም። እሾህ፣ አበባና ፍሬ፣ ሦስቱን አንድ ላይ ያዝ።

አበባ ውስጥ መግባት

የ10 እጥፍ የእጅ ሌንስ ያስፈልግሃል። የ20ው ይበልጣል ብለህ አትግዛ፤ የሚያሳየው ስፍራ ጠባብ ነው፣ ብርሃኑም ይቀንሳል። አያያዙን ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ ሌንሱን አበባው ላይ አስጠግተው ከሩቅ ያያሉ። ሌንሱን ዓይንህ ሥር ለጥፈህ ያዝ፣ እጅህን ጉንጭህ ላይ አስደግፍ፣ ከዚያ አበባውን ወደ ሌንሱ አቅርብ፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ይጠራል። ጀርባህን ለፀሐይ አትስጥ፤ ብርሃን አበባው ላይ እንዲያርፍ ፊትህን ወደ ብርሃን አዙር። ከሌንሱ ጋር ምላጭ፣ ሁለት መርፌ፣ ወረንጦና ማስመሪያ ያዝ። በእርሳስ ጻፍ፤ እስክሪብቶ በዝናብም በአልኮልም ይፈሳል።

በትልልቅ አበባ ጀምር። ከውጭ ወደ ውስጥ እያላቀቅህ ሴፓሉን (ከውጭ ያለውን፣ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ሽፋን)፣ ፔታሉን (ባለ ቀለሙን የአበባ ቅጠል)፣ ስታሜኑን (ብናኝ የሚይዘውን ወንዴ አካል) ቁጠር፤ የተያያዙ ወይም የተለያዩ መሆናቸውን ጻፍ። የባቄላ አበባ ጥሩ መለማመጃ ነው፦ ከላይ አንድ ትልቅ ፔታል፣ በጎን ሁለት ክንፍ፣ ከሥር ሁለቱ ተጋጥመው እንደ ጀልባ ሆነዋል። ጀልባውን በመርፌ ስትከፍተው 10 ስታሜን ታገኛለህ፤ 9ኙ ተያይዘው ቱቦ ሠርተዋል፣ አንዱ ብቻውን ነው። ከዚያ ኦቫሪው፣ ማለትም ኋላ ፍሬ የሚሆነው የሴቴው አካል ክፍል፣ ከፔታሎቹ መነሻ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን እይ። በዱባ ሴቴ አበባ ሥር የምታያት ትንሽ ዱባ ከታች የሆነ ኦቫሪ ናት። በመጨረሻ ኦቫሪውን በምላጭ አግድም ቆርጠህ ክፍሎቹን ቁጠር። ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ጻፈው፦ ሴፓል 5፣ ፔታል 5፣ ስታሜን 10 (9+1)፣ ኦቫሪ ላይኛ፣ ክፍል 1።

አደይ አበባ ላይ ስትደርስ ይህ ቆጠራ ይበላሽብሃል፤ መበላሸቱም ትምህርት ነው። «ፔታል 8፣ ስታሜን ብዙ» ብለህ ልትጽፍ ትችላለህ። ነቅለህ ለሁለት ሰንጥቀው። ከዳር ያለው እያንዳንዱ ቢጫ «ፔታል» ራሱን የቻለ አበባ ነው፤ መሃል ላይ ያለው ቢጫ ዱቄት የሚመስለውም እያንዳንዱ አምስት ጥርስ ያላት ትንሽ ቱቦ አበባ ናት። ከሥር አረንጓዴ የሆነውም የጋራ አቃፊ እንጂ ሴፓል አይደለም። አንዷን ቱቦ በወረንጦ አውጥተህ በሌንስ እያት፤ ብናኝ የያዙት ራሶች ተጣብቀው በሴቴው አካል ዙሪያ እጅጌ ሠርተዋል። ኑግም ሱፍም ግራዋም በዚሁ አሠራር ናቸው። ቤተሰቡ አስቴራሴ ነው፤ ከ20,000 በላይ ዝርያ ስላለው በየጉዞው ታገኘዋለህ።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ወንድና ሴት ዛፋቸው የተለያየ ነው። ወንዱ ዛፍ ሥር ቆመህ ፍሬ ወይም ኦቫሪ ብትፈልግ አታገኝም፤ «ፍሬ የሌለው» ብለህ ከመጻፍህ በፊት ሌላ ዛፍ እይ።

ቤተሰብ ይቅደም

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አራተኛው የኤፒጂ (የአባቢ ዕፅዋትን ዝምድና የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ቡድን) ምደባ አባቢ ዕፅዋትን በ416 ቤተሰብ ይከፍላል። አንተን ለመጀመሪያው ዓመት 15 ያህሉ ይበቁሃል፤ በየመንገዱ የምታገኘውን አብዛኛውን ተክል ይይዙልሃልና። ቤተሰብን በምልክት ጥምረት ያዝ። አራት ፔታል በመስቀል ቅርጽ፣ ስድስት ስታሜን፣ ከነሱም አራቱ ረጅም ሁለቱ አጭር፦ የጎመን ቤተሰብ። ስታሜኖቹ ተያይዘው በመሃል ዓምድ ከሠሩ፦ የጥጥ ቤተሰብ፣ ማልቫሴ። ሣር የሚመስለውን ደግሞ በጣትህ አንከባለው። ግንዱ ክብ፣ ጉልበት ጉልበት ያለው፣ በአብዛኛው ውስጡ ባዶ፣ ቅጠሉም በሁለት ረድፍ ከሆነ ሣር ነው። ጣትህ ላይ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከተሰማህ፣ ውስጡ ሙሉ ከሆነና ቅጠሉ በሦስት ረድፍ ከወጣ የቄጠማው ወገን፣ ሳይፐራሴ፣ ነው።

የሚምታቱትን ጎን ለጎን ማጥናት ከማንኛውም ዝርዝር ይበልጣል። ዳማከሴና ሰንሰል ሁለቱም ትይዩ ቅጠልና ከንፈር ያለው አበባ አላቸው። የዳማከሴ ግንድ አራት ማዕዘን ነው፣ ቅጠሉ ይሸታል፣ ኦቫሪው አራት ትንንሽ ፍሬ ሆኖ ይከፈላል፤ ይህ ላሚያሴ ነው። የሰንሰል ወገን፣ አካንታሴ፣ አንጓው እንደ ጉልበት ያበጠ ነው፤ ፍሬው ሲደርቅ ተፈናጥሮ ይከፈታል፣ ዘሮቹንም ትንንሽ መንጠቆዎች ያስፈነጥሯቸዋል። የደረቀ ፍሬ ካገኘህ ከፍተህ መንጠቆዎቹን በሌንስ ፈልግ።

የአገር ስምን አትናቅ፣ ነገር ግን እንደ ሳይንሳዊ ስም አትመነው። ልብስ ላይ የሚጣበቀውን ብዙ ነገር ጭጎጎት እንላለን። በሌንስ ሲታይ አንዱ ጫፉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ባለ ጋሬጣ መርፌ የተተከለበት ቀጭን ዘር ነው፤ ይህ የአደይ አበባ ዘመድ፣ ባይደንስ ፒሎሳ፣ ነው። ሌላው ገላው በሙሉ መንጠቆ የለበሰ፣ አራት አራት ሆኖ የሚቀመጥ ጠፍጣፋ ፍሬ ነው፤ ይህ ሳይኖግሎሰም፣ ከቦራጂናሴ ቤተሰብ፣ ነው። ቁልቋልም እንዲሁ ነው። ወተት የሚያፈሰው ዩፎርቢያ ነው፤ በለስ የሚያፈራው ግን ካክተስ ነው፣ ወተትም የለውም፣ እሾሁም ከትንሽ ጸጉራም ትራስ ላይ ይበቅላል።

የላቲን ስሞችን ትርጉማቸውን እያየህ ብትይዝ ይቀልሃል። የብሳና ስም ክሮቶን ማክሮስታኪዩስ ነው፤ ሁለተኛው ቃል «ረጅም ዛላ ያለው» ማለት ነው። ፑቤሴንስ ጸጉራም፣ አልባ ነጭ፣ ግላብራ ጸጉር አልባ። ሃምሳ ያህል እንዲህ ያሉ ቃላት ካወቅህ ብዙው ስም ራሱን ይገልጽልሃል።

መለያ ቁልፉ ላይ ላለመጥፋት

መለያ ቁልፍ፣ እናንተ «ኪ» የምትሉት፣ በየደረጃው ሁለት ተቃራኒ መግለጫ አቅርቦ አንዱን ያስመርጥሃል። ሁለቱንም ሳታነብ አትምረጥ፤ የመጀመሪያው ልክ ቢመስልህም ሁለተኛው ይበልጥ ልክ ሊሆን ይችላል። «ወይም» እና «እና» የሚሉትን ቃላት አስምርባቸው፦ «ጸጉራም ወይም ቅርፊታም» ከሆነ አንዱ ይበቃል፣ «ጸጉራም እና ተለጣፊ» ከሆነ ሁለቱም መኖር አለባቸው። ልኬት ሲመጣ አንድ ቅጠል ለክተህ አትሂድ፤ ከመካከለኛው ቅርንጫፍ አምስት ለክተህ ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለውን ጻፍ።

የሄድክበትን የቁጥር ሰንሰለት ወረቀት ላይ አኑር፦ 1፣ 3፣ 7፣ 8። የተጠራጠርክበት ቁጥር ላይ የጥያቄ ምልክት አድርግ። መጨረሻ ላይ የደረስክበትን ዝርያ ሙሉ መግለጫ ከተክልህ ጋር አስተያይ፤ ካልገጠመ ከመጀመሪያው አትነሳ፣ የጥያቄ ምልክቱ ላይ ተመልሰህ በሌላኛው መንገድ ሂድ። ይህን የማያደርግ ተማሪ አንዴ ሲሳሳት ሁሉንም ይተወዋል። ደግሞም በምታውቀው ተክል ተለማመድ። የምታውቀውን ቡና ወይም ባቄላ ይዘህ ቁልፉን ከላይ እስከ ታች ውረድ፤ መድረሻውን ስለምታውቅ የት እንደሳትክ ወዲያው ይገባሃል።

ፎቶና ናሙና

ፎቶዎችህ ማታ አረንጓዴ ብቻ የሆኑብህ ሁሉንም ከአንድ ርቀት ስላነሳህ ነው። ለአንድ ተክል ሰባት ያህል ፎቶ ያስፈልጋል፦ ሙሉ ቁመናው፣ ከሦስት አንጓ ጋር የቅርንጫፉ መሃል፣ የቅጠሉ ፊትና ጀርባ፣ አበባው ከፊት፣ አበባው ከጎንና ከሥር፣ ፍሬው፣ ዛፍ ከሆነም ቅርፊቱ። አጠገቡ ማስመሪያ አድርግ። የመጀመሪያው ፎቶ ደብተርህ ላይ የጻፍከው ቁጥር ይሁን፤ አለበለዚያ የትኛው የማን እንደሆነ ይጠፋሃል። የስልክ መተግበሪያዎች ብዙ ፎቶ የተነሳለትን ተክል ደህና ይገምታሉ፣ ብዙ ፎቶ የሌለውን ግን በድፍረት ይሳሳታሉ። ስለዚህ የራስህን መግለጫ ጽፈህ ከጨረስክ በኋላ እንደ አንድ ጥቆማ ተመልከታቸው።

ናሙና የምትሰበስበው ሲፈቀድ ብቻ ነው፤ በአካባቢው ቢያንስ 20 የሚሆን ካልቆመ አትቁረጥ። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር በሚሆን የጋዜጣ እጥፋት ውስጥ ቅጠል፣ አበባና ከተቻለ ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ አስቀምጥ፤ አንድ ሁለት ቅጠል ገልብጠህ ጀርባው እንዲታይ አድርግ። ትንሽ ተክል ከሆነ ከነሥሩ ይሁን። ለመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት እርጥቡን ወረቀት በየቀኑ ቀይር። የሻገተና የጠቆረ ናሙና የሚመጣው ወረቀት ባለመቀየር ነው። በጣም ሲሞቅ ደግሞ ቡናማ ሆኖ ይሰባበራል። ውሃ የቋጠሩ ወፍራም ተክሎች በፕሬስ፣ ማለትም ናሙናው ተጭኖ በሚደርቅበት መጭመቂያ፣ ውስጥም ማደጋቸውን ይቀጥላሉ፤ ለአጭር ጊዜ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክረህ አስገባቸው።

ሲደርቅ የሚጠፋውን በቦታው ጻፍ፦ የአበባው ቀለም፣ ሽታው፣ ወተቱ፣ የዛፉ ቁመት፣ የአፈሩ ዓይነት፣ ጥላ ወይም ፀሐይ፣ ከፍታው፣ ቦታው፣ ቀኑ። ናሙናው ላይ ቁጥር እሰር፤ ቁጥርህን በየጉዞው ከ1 አትጀምር፣ ከነበረበት ቀጥል።

ማታና ፈተና

ከጉዞ በተመለስክ በዚያው ምሽት ግማሽ ሰዓት ለዚህ ስጥ። የዕለቱን 12 ቅርንጫፎች በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ በላስቲክ አምጥተህ ጠረጴዛ ላይ ደርድር፤ ደብተሩን ዝጋ። እያንዳንዱን አንስተህ ቤተሰቡን፣ ስሙን፣ የለየህበትንም ሁለት ምልክት ድምፅህን አውጥተህ ተናገር። ያልመጣልህን ብቻ ለይና ደብተርህን ከፍተህ እይ። ይህንኑ ከ3 ቀን፣ ከ7 ቀን፣ ከ14 ቀን በኋላ ደግመው፤ በእነዚህ ጊዜ ፎቶና የደረቀ ናሙና ይበቃል። በየቀኑ የምታልፍባቸውን አምስት ዛፎች ደግሞ ምረጥና በየሁለት ሳምንቱ ቆመህ እያቸው፤ ያለ አበባ፣ በእምቡጥ፣ በፍሬ፣ በአዲስ ቅጠል ያየኸው ዛፍ በማንኛውም ሁኔታው ቢቀርብልህ አያመልጥህም።

ፈተናው ላይ ቅርንጫፉ ፊትህ ሲቀመጥ ስሙን ለማስታወስ አትጣር። እጅህ ቀድሞ ይሂድ፦ አንጓውን ቁጠር፣ ጎንቁሉን ፈልግ፣ ጥፍርህን በእጀታዎቹ መካከል አንሸራት፣ ቅጠሉን ገልብጥ፣ ሌንሱን አስጠጋ። ይህ 40 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ስሙ ራሱ ይመጣል። ካልመጣ ቤተሰቡንና ያየሃቸውን ምልክቶች ጻፍና ወደሚቀጥለው እለፍ፤ ሁሉንም ስትጨርስ ተመልሰህ ያንኑ አንጓ ሁለተኛ እየው።